ቀይዋ አረንጓዴ የሰቀለችበት ጠዋት

ሰፈሩ ሁሉ «ቀይዋ» ይላታል። በመልኳ እንዳይመስላችሁ፤ መልኳስ ጠይም ነው፣ ፀሐይና የሐይቅ ነፋስ ሲጫወቱበት የኖረ የጠራ ጠይም። ስሙ የወጣላት በባንዲራዋ ነው። ጀልባዎቹ ከሚታሰሩበት የእንጨት መድረክ ጫፍ ላይ አንድ ረጅም የብረት ምሰሶ አለ። በየጠዋቱ እዚያ ላይ ወይ አረንጓዴ፣ ወይ ቢጫ፣ ወይ ቀይ ጨርቅ የምትሰቅለው እሷ ናት። አረንጓዴ ከሆነ ዋኙ፣ ቅዘፉ፣ እንደ ልባችሁ ሁኑ ማለት ነው። ቢጫ ከሆነ ከዳር አትራቁ። ቀይ ከሆነ ግን እግራችሁን እንኳ ቤታችሁ ታጠቡ።

እኔ ከመድረኩ ፊት ለፊት ብስክሌት አከራያለሁ፣ የተበላሸም እጠግናለሁ። ሱቄን ስከፍት እሷ ሥራዋ ላይ ናት። መጀመሪያ ዝም ብላ ትቆማለች። የማያውቃት ሰው ካያት የምትጸልይ ይመስለዋል። የምታየው ግን ማዶ ያለውን ኮረብታ ነው፤ ጭጋጉ እንደተኛ ነው ወይስ ተነሥቷል? ከዚያ ትንሿን ጀልባ ገፍታ ትገባለች። በገመድ የታሰረ ነጭ ሳህን አላት፤ ውሃው ውስጥ ትለቀውና ከዓይኗ እስኪጠፋ ገመዱን ታወርዳለች። ቶሎ ከጠፋ ውሃው ደፍርሷል፤ ከሥር ያለ ግንድም የሰመጠ ሰውም አይታይም። ቴርሞሜትሯን ትነክራለች። በሙቀት ወራት ዳር ዳሩን የሚንሳፈፍ አረንጓዴ ልጋግ አለ፤ እሱን ካየች ሰው ቀርቶ ውሻ እንኳ ውሃውን እንዲልስ አትፈቅድም። ስትመለስ ደግሞ ከላይ፣ ወንዙ ላይ ላለው ድልድይ ጥበቃ ትደውላለች።

«ሰውየው እንዴት አደረ?» ትለዋለች። ሰውየው የምትለው ወደ ሐይቁ የሚገባውን ወንዝ ነው።

«ከስቷል፤ ድንጋዮቹ ራሳቸውን አውጥተዋል» ይላታል አንዳንዴ። አንዳንዴ ደግሞ፣ «ኧረ ወፍሯል! የድልድዩ እግር ላይ የተጻፈውን ቁጥር ውጦታል።»

ጨርቁ የሚሰቀለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሥራ የጀመረች ሰሞን ሰው ሊበላት ደርሶ ነበር። ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርጭቆ በሚያበራበት የዕረፍት ቀን ቀይ ሰቀለች። ልጆቹን ይዞ ከሩቅ የመጣ አባወራ በጣቱ ሐይቁን እያሳየ፣ «እስቲ የቱ ጋ ነው የሚያስፈራው?» ብሎ አፈጠጠባት። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ መጥቶ ዳሩ ላይ ያለውን መዝናኛ የፕላስቲክ ወንበር ሁሉ ሲያንከባልል ሰውየው ከልጆቹ ጋር ወንበር እየሮጠ ሲይዝ ዋለ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ቀይ ሰቅላ ቅጠል እንኳ ሳይንቀሳቀስ መሸ። ያኔ ያልሳቀባት አልነበረም። እሷ ግን አመሻሹ ላይ በየጠረጴዛው እየዞረች፣ «ዛሬ ተሳስቻለሁ። ነገም ልሳሳት እችላለሁ። መሳሳቴ ካልቀረ ግን በዚህ በኩል ልሳሳት» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ «ቀይዋ» የሚለው ስም ስድብነቱ ቀርቶ ቁልምጫ ሆነ።

የምነግራችሁ ግን ስለ እሷ ብቻ አይደለም፤ ስለ እሷና ስለ እናቷ ነው።

እናቷን «እማማ ዚፕ» እንላቸዋለን። ልብስ ሰፊ ነበሩ። በከተማችን የተበላሸ ዚፕ ሁሉ በእሳቸው እጅ አልፏል፤ የሱሪ፣ የቦርሳ፣ የድንኳን ሳይቀር። ቤታቸው ሐይቁን ይመለከታል፣ የስፌት መኪናቸውም መስኮቱ ሥር ነበር። ያም ሆኖ ዕድሜ ልካቸውን እግራቸውን ውሃ አስነክተው አያውቁም። «እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ» ይሉታል፤ ልጃቸውንም አላስጠጋም ብለው ነው ያሳደጉት። ቀይዋ ታዲያ ተደብቃ ተማረች። እርጥብ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ ትገባ ነበር። አንድ ቀን እናቲቱ ሻሹን ሳብ አድርገው ጨመቁት፤ ውሃው የሚሰፉት ጨርቅ ላይ ተንጠባጠበ። በማግስቱ ለልጃቸው ሰውነት ልክ የሆነ የዋና ልብስ ሰፍተው አልጋዋ ላይ ወረወሩላትና፣ «መዋኘትሽ ካልቀረ በቀሚስ ተጠላልፈሽ እንዳትሞቺብኝ» አሏት።

ዓመታት አለፉ። ቀይዋ መጀመሪያ ሆቴል ውስጥ ገንዳ ጠባቂ ሆነች። አልተስማማትም። «ገንዳ እኮ የታሰረ ውሃ ነው፤ ምን ያወራኛል?» ትል ነበር። የሐይቁ ሥራ ሲገኝ ዓይኗን ሳታሽ ገባች። እማማ ዚፕ በበኩላቸው ዕድሜ ልክ ማጎንበሱ ትከሻቸውን አሰረውና መኪናቸውን ዘጉ። ሐኪሙ፣ «ውሃ ውስጥ ቢንቀሳቀሱ ይፍታታልዎታል» ሲላቸው የሰደባቸው ያህል ተቆጡ። ቢሆንም ሕመም አያስመርጥምና አንድ አረንጓዴ ጠዋት ልጃቸውን ጥርቅም አድርገው ይዘው እስከ ወገባቸው ገቡ። ትንሽ ዓሣ ጭናቸውን ብትነካቸው ጩኸታቸው እኔ ሱቅ ድረስ ተሰማ። ቀይዋ ጀርባቸውን ይዛ በጀርባ አንሳፈፈቻቸው። ድንገት ዝም አሉ። ልጅቱ ደንግጣ፣ «እማዬ፣ ምነው?» ብትላቸው፣

«ሰማዩ ይሄን ያህል ሰፊ ነው እንዴ? እኔ እኮ ይሄን ሁሉ ዘመን የማየው የመርፌ ቀዳዳ ነበር» አሉ።

ከዚያ በኋላ ማን ያውጣቸው! ዝናብ የለ፣ ብርድ የለ፣ አረንጓዴ በተሰቀለ ቁጥር ውሃ ውስጥ ናቸው። የዋና ልብሳቸውን ራሳቸው ሰፉት፤ እጅጌው ረጅም፣ ቁመቱ ከጉልበት በታች፣ ዚፑ ደግሞ እንደ ቅቤ የሚንሸራተት። ለራሳቸው መሸፈኛ ከሩቅ የሚታይ ብርቱካናማ ቆብ ጨመሩበት። ጀልባ ቀዛፊው ጋሽ ቀስታ (ይህን ስም ያገኙት ለሁሉ ነገር «ቀስ!» ስለሚሉ ነው) ቆቡን ባዩ ቁጥር፣ «ፀሐይ በዚህም በኩል ትወጣለች እንዴ?» እያሉ ይስቃሉ።

ነገሩን ያቀጣጠለችው የእማማ ዚፕ ታናሽ እህት ናት። ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ስትሆን ማዶ፣ ከኮረብታው ሥር ትኖራለች። ድምፅዋ አሁንም ሜዳ ሙሉ ተማሪ ጸጥ ያሰኛል። አንድ ቀን በስልክ ሲያወሩ፣

«እትዬ፣ ዋና ቻልኩ ቻልኩ እያልሽ ነው አሉ። ከዳር ዳር መንቦጫረቅ ዋና ነው እንዴ?» አለቻቸው።

«ምን አልሽ?»

«አይ፣ እዚህ እኔ ጋ ስትመጪ እንኳ አውቶቡስ ውስጥ ይደክምሽ የለ? ብዬ ነው።»

እማማ ዚፕ ስልኩን ከጆሯቸው አራቁና በመስኮት ማዶውን አዩ። መልሰውም፣ «በሚቀጥለው ስመጣ በአውቶቡስ አይደለም። በክንዴ ነው የምመጣው! ፎጣ ይዘሽ ጠብቂኝ» ብለው ዘጉት።

ወሬው ከተማውን ሲያዳርስ ቀን አልፈጀም። ቅዳሜ ተባለ። አንዱ «ይችላሉ» ሲል ሌላው «ኧረ በዚህ ዕድሜ!» ይላል። ቀይዋ ከእናቷ ጋር ሳምንታት ሙሉ ስትለማመድ ነበርና ጉልበታቸውን አልተጠራጠረችም። የሚያሳስባት ውሃው ነበር። ሐይቁ እዚህ ጋ ወገቡ ጠባብ ነው፤ ነገር ግን ወንዙ የሚገባው ከማዶ በግራ በኩል ነው። ከመሐል ካለፉ በኋላ ቀዝቃዛውን ውሃ ማቋረጥ ግድ ነው። በዚያ ላይ በወንዙ ሸለቆ ቁልቁል የሚወርድ ነፋስ አለ፤ ፀሐይ ኮረብታውን ስታሞቀው ይነሣል፣ ከተነሣ ደግሞ ወሬ አይሰማም።

ቅዳሜ ነጋ። እንዴት ያለ ጠዋት መሰላችሁ! ሐይቁ እንደ መስታወት ተኝቷል፤ ወፍ ሲያልፍበት ሆዱ ይታያል። ሰው ከመድረኩ እስከ መንገዱ ሞልቷል። እማማ ዚፕ ቆባቸውን አጥልቀው እጃቸውን ያወናጭፋሉ። ቀይዋ ከውሃው ተመለሰች፣ ስልኳን ይዛ ወደ ጥግ ሄደች፣ ብዙ አዳመጠች። ከላይ በኩል ሌሊቱን ዘንቦ ኖሯል። ከዚያ ምሰሶው ሥር ሄዳ ገመዱን ሳበች።

ቀይ።

ሰው ሁሉ «ኡ!» አለ። እማማ ዚፕ ጨርቁን አዩ፣ ሐይቁን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ።

«ለሰው ሁሉ ቀይ ስትሰቅዪ ዝም ብያለሁ። ለእኔም?»

«ላንቺማ በተለይ።»

«ይሄን ውሃ አታዪውም? ሰው ቢተኛበት እንኳ አይነቃም!»

«እማዬ፣ እኔ የማየው ይሄን ብቻ አይደለም። ወንዙ ግንድ ይዞ እየወረደ ነው። እዚህ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፤ የሚደርሰው ግን አንቺ መሐል ስትሆኚ ነው።»

«ሊደርስም ላይደርስም ይችላል።»

«ላይደርስም ይችላል» አለች ቀይዋ። «አይ፣ ዛሬ አይሆንም።»

እንግዲህ ታሪክ ላሳምር ብል ከሰዓት በኋላ ግንዱ ሲግተለተል መጣ እላችሁ ነበር። አልመጣም። ሐይቁ ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ እንደተኛ ዋለ። ግንዱ ላይኛው ዳር ቀርቶ ይሁን ሰምጦ ማንም አላወቀም። እማማ ዚፕ ኩርፊያ ገቡ። ኩርፊያቸው ደግሞ በሕግ የሚመራ ነው፤ ልጃቸውን በቀጥታ አያናግሩም። የብስክሌት ጎማ ላደርስላቸው ጎራ ብል ሦስታችንም በአንድ ጠባብ ሳሎን ተቀምጠን፣ «ንገራት፣ ሻይ ፈልቷል በላት» ይሉኛል። እኔም ወደ ጎን ዞር ብዬ፣ «ሻይ ፈልቷል» እላለሁ። ቀይዋ ሳቋን እየዋጠች፣ «ስኳር አላበዛችውም ወይ በልልኝ» ትለኛለች። አስተርጓሚ ሆኜ አረፍኩት።

እሷ ግን በሆዷ አላረፈችም። ወቅቱ እያለቀ ነበር፤ ዝናቡ ጠቅልሎ ሊገባ፣ ውሃውም ሊቀዘቅዝ ቀናት ቀርተውታል። በየጠዋቱ ሳህኗን ስታወርድ ሐይቁን የምትለምነው ይመስል ነበር። እሑድም ሰኞም ድፍርስ ነው። ማክሰኞ ገና ጎሕ ሲቀድ ሱቄ በር ላይ ተደበደበ። ስከፍት ቀይዋ ናት፤ ዓይኗ ያበራል፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል።

«ሳህኑ ጠለቀ! እስከ ገመዱ ጫፍ ድረስ ታየኝ! ወንዙም ከስቷል፣ ኮረብታው ላይ ያለው ጭጋግ ገና አልተነሣም። ነፋሱ ሳይመጣ ጥሩ ሰዓት አለን። ና፣ አንተ እጅህ ረጅም ነው፣ ጀልባ ላይ ኩባያ ታቀብላለህ!»

«እኔ እኮ ዋና አልችልም!»

«ላይፍ ጃኬት አለ!»

ስሮጥ ሁለት ነው የለበስኩት፣ አንዱን በሌላው ላይ። እቤታቸው ስንደርስ ቀይዋ የእናቷን መኝታ ክፍል በር ገፋ አድርጋ፣ «እማዬ፣ ተነሺ። አረንጓዴ ነው» አለች።

ከብርድ ልብሱ ሥር «ዋሽተሽኝ እንደሆነ…» የሚል ድምፅ፣ ከዚያ የቁም ሳጥን በር፣ ከዚያ ዚፕ። ዚዝዝ! ኩርፊያው እዚያው ላይ አበቃ።

ጋሽ ቀስታ መቅዘፊያቸውን ይዘው ይጠብቁናል። ለመጀመሪያ ጊዜ «ቀስ» ሳይሆን «ቶሎ ቶሎ!» ሲሉ ሰማኋቸው። ቀይዋ የመዝናኛውን ትኬት ቆራጭ ባንዲራውን እንድትጠብቅ አደራ ብላት ጀልባው አፍንጫ ላይ ቆመች። እማማ ዚፕ ደረጃውን ወረዱ፣ ውሃውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉት፣ እንደ ጓደኛ፤ ከዚያ ተለቀቁ።

አቤት አዋኛኘት! ክንዳቸው ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ጨርቅ እንደሚለካ ሰው ወደፊት ይዘረጋል፣ ውሃውን ወደ ኋላ ይጎትታል። ብርቱካናማው ቆብ ብቅ ጥልቅ፣ ብቅ ጥልቅ። በየጊዜው በጀርባቸው እየተገለበጡ ያርፋሉ፤ እኔ ኩባያውን በረጅሙ አቀብላለሁ፣ ጠጥተው ይመልሱልኛል። የኛ ዳር እያነሰ ሄደ። መድረኩ የክብሪት እንጨት አከለ። መሐል ስንደርስ እማማ ዚፕ ቀና ብለው፣

«ወዴት ነው የምትወስጂኝ? የእህቴ ቤት እኮ በዚያ በኩል ነው!» ብለው ጮኹ።

እውነታቸውን ነው፤ ቀይዋ ከቤቱ በጣም በግራ አድርጋ ነበር የምትመራን። ከማዶ ወደ ሐይቁ የገባ ምላስ የመሰለ ምድር አለ፤ ጫፉ ላይ አንድ ነጭ ቋጥኝ ተቀምጧል። የአክስቷ ቤት ከእሱ በስተ ቀኝ፣ ከነፋስ በተከለለው ዳር ላይ ነው።

«ወንዙ ወደ ቀኝ ይገፋሻል፣ እማዬ። ቤቱን አይተሽ ከዋኘሽ ቤቱን ያሳልፍሻል። አንቺ ቋጥኙን ያዢ፤ የቀረውን እሱ ራሱ ያመጣሻል።»

ብዙም አልቆየ፣ «እህህህ! ማነው በረዶ የደፋብኝ?» የሚል ጩኸት ተሰማ። ወንዙ ውስጥ ገብተዋል። የውሃው ቀለም እንኳ ተለውጧል፣ እንደ ቀጭን ሻይ። ቀይዋ ጣቷን ነከረችና፣ «ቀዝቃዛው እዚህ ጋ ብቻ ነው፤ አትቁሚ፣ ክንድሽን አታቁሚ!» አለች። እማማ ዚፕ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ ቀጠሉ። ሲዋኙ ወደ ጎን ሲንሸራተቱ በዓይኔ አየሁ፤ ቋጥኙ ቦታውን የሚለቅ ይመስል ነበር። ጋሽ ቀስታም መቅዘፊያውን በአንድ ወገን አጠበቁ።

በዚህ መሐል ቀይዋ ፊቷን ድንገት ወደ ወንዙ ሸለቆ አዞረች። እኔም አየሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። በሩቁ፣ በሚያብረቀርቀው ውሃ ላይ አንድ ጥቁር መስመር ተሰምሯል፣ የተጨማደደ ጨርቅ ጠርዝ የሚመስል።

«ነፋሱ ነው» አለች። «ዛሬ ቀድሞ ተነሣ።»

ጋሽ ቀስታ መቅዘፍ አቆሙ። «እናውጣቸው?»

ልጅቱ መስመሩን አየች፣ ቋጥኙን አየች፣ የእናቷን ክንድ አየች። እንዲያ ስታስብ አይቻት አላውቅም፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣

«እማዬ ስሚኝ! ነፋስ እየመጣ ነው። ቋጥኙን ካለፍሽ ከነፋሱ ተከልለሻል፣ ሐይቁ ያንቺ ነው። ያ ጥቁር መስመር እኛ ጋ ቀድሞ ከደረሰ ግን ጀልባ ላይ ትወጫለሽ። ክርክር የለም። ቃል ግቢልኝ!»

እማማ ዚፕ አፋቸው ውስጥ የገባውን ውሃ ተፍተው፣ «ቃሌ ነው! አሁን አታስወሪኝ!» አሉ።

ቀይዋ ጃኬቷን ጥላ ውሃው ውስጥ ዘለለች። በእናቷ ግራ፣ ነፋሱ በሚመጣበት ወገን ሆና ጎን ለጎን መዋኘት ጀመረች። ከውሃው ውስጥ ሆና ወደ እኔ ጮኸች፤

«እዚህ ሆኜ መስመሩ አይታየኝም! አንተ ነህ የምታየው! ቋጥኙ ጋ ቀድሞ የሚደርሰው ማን እንደሆነ ንገረኝ!»

እኔ! ብስክሌት ጠጋኙ! ጀልባው መሐል ብድግ ብዬ ቆምኩ፣ ሁለት ላይፍ ጃኬት አንገቴ ድረስ ተቆልሎብኝ። መስመሩ እየሰፋ ይመጣል፤ ከፊቱ ያለው ውሃ ልስልስ፣ ከኋላው ያለው ሁሉ ሸካራና ጥቁር።

«እየመጣ ነው!» አልኩ።

«እሱንማ አውቃለሁ! ማን ይቀድማል?»

ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ገለጥኩ። መንገድ ላይ የሚመጣ መኪናና መንገድ የሚያቋርጥ ሰው አድርጌ ቆጠርኳቸው። «እናንተ! በትንሽ! ግን አትዘግዩ!»

ብርቱካናማው ቆብ ፈጠነ። ከማዶ ዳር ደግሞ አንድ የደወል ድምፅ ቃጭል ቃጭል ይል ጀመር። አክስቲቱ ናት፤ የድሮ ትምህርት ቤቷን የእጅ ደወል ይዛ ዳሩ ላይ ቆማለች፣ ጎረቤቶቿ በዙሪያዋ። «እትዬ! በርቺ! እትዬ! ደርሰሻል!» ድምፅዋ ከደወሉ ይበልጣል። ጋሽ ቀስታ እየቀዘፉ ምን እንደሚሉ አያውቁም፣ «ቀስ! ቶሎ! ቀስ! ቶሎ!» ይላሉ። የመጀመሪያው ነፋስ ጉንጬን ዳሰሰኝ። ጀልባው ግራ ጎኑን ተመታ፣ ውሃ ተረጨብኝ።

«አሁን!» ብዬ ጮኽኩ፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም።

ነጩ ቋጥኝ በግራችን አለፈ። ድንገት ጸጥ አለ። ከኋላችን ሐይቁ ይናጣል፣ ይጮኻል፤ ከፊታችን ያለው ውሃ ግን እንደ ሳህን ወተት ረግቷል። እናትና ልጅ መሐሉ ላይ ገታ ብለው ተያዩና በሳቅ ፈነዱ። እማማ ዚፕ ሲስቁ ውሃ ገባባቸው፤ ሲያስሉ ልጃቸው ጀርባቸውን ትመታለች፣ እሳቸው ደግሞ «ተይ፣ እየዋኘሁ ነው!» ይላሉ።

አክስቲቱ መጠበቅ አልሆነላትም። ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ደወሉን እንደያዘች፣ እስከ ጉልበቷ ገባች፣ ከዚያ እስከ ወገቧ። ታላቅ እህቷ እግራቸው አሸዋ ነክቶ ለመቆም ሲሞክሩ ዘላ አቀፈቻቸውና ሁለቱም ተያይዘው ቁጭ አሉ፣ ደረታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ።

«በክንድሽ መጣሽ! እትዬ፣ የምርሽን በክንድሽ መጣሽ!» አክስቲቱ ታለቅሳለች።

«ፎጣው የታለ?» አሉ እማማ ዚፕ።

ፎጣው ዳር ላይ ነበር። ጠቀለልናቸው፣ ትኩስ ሻይ አጠጣናቸው፣ እግራቸውን አሸናቸው። ከንፈራቸው ሰማያዊነቱ እየለቀቀ ሲመጣ ልጃቸውን ጠሩ።

«ቅዳሜ ብትለቂኝ ኖሮ ምን እሆን ነበር?»

ቀይዋ ፀጉሯን እየጨመቀች አሰበች። «አላውቅም፣ እማዬ።»

«ምንም ላልሆን እችል ነበር?»

«ትችዪ ነበር።»

እናቲቱ የፎጣቸውን ጫፍ ከፍተው ልጃቸውን አስገቧትና፣ «እናቴ ብትሆኚ እኔም ቀይ ነበር የምሰቅልብሽ» አሉ። አክስቲቱም ይህን ስትሰማ አንዴ እንደገና ደወሏን አነሣች፤ ጋሽ ቀስታ ግን ጆሯቸውን ይዘው ለመኗት።

ነፋሱ ሐይቁን ሲያተራምሰው ዋለ። ቀይዋ ለትኬት ቆራጯ ደውላ፣ «ቀዩን ስቀዪው» አለቻት። ጀልባዋን እዚያው አስረን በሐይቁ ዙሪያ በሚዞረው አውቶቡስ ተመለስን። አውቶቡሱ ውስጥ ወሬው ከሾፌሩ እስከ ኋላ ወንበር ተዳረሰ። አንዲት ተሳፋሪ፣ «እርስዎ ነዎት? እውነት እርስዎ ነዎት?» ብላ የእማማ ዚፕን ክንድ ዳሰሰች፣ ሥጋና አጥንት መሆኑን ለማረጋገጥ ይመስላል። እሳቸውም ክንዳቸውን ቀጥ አድርገው አስዳሰሷት፤ ትከሻቸው እስከ ጆሯቸው ድረስ ያለምንም ሕመም ተነሣ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ በዚያ አልቆመም። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ጎረቤቶች መድረኩ ላይ ተገኙ፣ «እኛም እንማር» ብለው። ቀጥሎ የአክስቲቱ ተራ ሆነ፤ አስተማሪዋ እማማ ዚፕ ናቸው፣ ተማሪዋም ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ ጸጥ ብላ ትሰማለች። ቀይዋ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ብቻዋን አትወጣም፤ ሁለት ሦስት ሴቶች አብረዋት እየወጡ ሳህኑን እንዴት እንደምታወርድ፣ ውሃው ላይ የሚሽከረከረውን አረፋ እንዴት እንደምታነበው ያያሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይከራከሯታል። ትወደዋለች።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ የተጠገነ ብስክሌት ላደርስ ቤታቸው ገባሁ። እማማ ዚፕ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ዘርግተው በስፌት ጠመኔ መስመር ያሰምራሉ፣ እየጠመዘዙ፣ እያጎበጡ። የቀሚስ ልክ መስሎኝ ነበር።

«ወንዙ ነው» አሉኝ ዓይናቸው እያበራ። «ከድልድዩ እስከ ሐይቁ በታንኳ ቁልቁል መውረድ ይቻላል አሉ። ይሄ ጥምዝምዙ ነው፣ እዚህ ጋ ድንጋይ ይበዛል፣ እዚህ ጋ ደግሞ ውሃው ጸጥ ይላል።»

ቀይዋ ከትከሻቸው በላይ ጎንበስ ብላ ጠመኔውን ከእጃቸው ወሰደችና አንዱ ጥምዝ ላይ ትንሽ ክብ አከለች። «እዚህ ጋ ከሥር ግንድ አለ፤ በዚህ በኩል ነው የሚታለፈው» አለች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ለድልድዩ ጥበቃ ደወለች።

«ሰውየው እንዴት ነው?»